በብር የሰጠ ፊጥራው አልወጣለትም?

የወሎዋ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። አንድ ኡስታዝ ቴሌግራም ላይ «ዘካተል ፊጥርን (ለዒድ ለድሃ የሚሰጠውን ፊጥራ) በብር የሰጠ አልወጣለትም፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመንም ዲናርና ዲርሃም ነበረ፣ ያዘዙት ግን እህል ነው» ሲል ሰማሁና ደሜ ፈላ። እሺ ጤፍስ ነበረ እንዴ?

አቡ ዐብዲላህ፦ እህቴ ቀልዱን ተይው። የኢብኑ ዑመር ሐዲስ ግልፅ ነው፣ አንድ ሷዕ (የእህል መስፈሪያ ነው) ተምር ወይ አንድ ሷዕ ገብስ። ሻፊዒይ ማሊኪይ ሐንበሊይ ሦስቱም መዝሃቦች (የፊቅህ መንገዶች) በብር አይሆንም ነው የሚሉት፣ የሳዑዲ ሙፍቲ የነበሩት ኢብኑ ባዝም እንደዛው። ዲን በስሜት አይሆንም።

የወሎዋ፦ ማን ቀለደ? ተምርና ገብስ የተባለውን የሀገሩ ቀለብ ማለት ነው ብለህ ጤፍ ስታስገባ ቂያስ (ማመሳሰል)፣ እኔ ብር ስል ስሜት?

ሐነፊው፦ የኛ መዝሃብ ኢማም አቡ ሐኒፋ ፈቅደዋል፣ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ ግማሽ ዲርሃም ተቀበሉ ብለው እስከ በስራ ከተማ ፅፈዋል። እነሱም ስሜተኛ ነበሩ በላ። ኸሊፋው ሙዓዊያ ሁለት ሙድ (ግማሽ ሷዕ) የሻም ስንዴ ለአንድ ሷዕ ተምር ይበቃል ያሉትስ ዋጋ አስልተው አይደል?

አቡ ዐብዲላህ፦ ሶሓባው አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪይ ታዲያ መች ተቀበሏቸው፣ እንደ ድሮዬ ነው የማወጣው ብለው ቀሩ። ደሞ ስንዴ ነው ያሉት፣ ዲርሃም አላሉም።

የሪያዱ ልጅ፦ ኧረ እዚህ መጥታችሁ እዩ። የዒድ ዋዜማ ማታ መንገድ ዳሩ የሩዝ ከረጢት ብቻ ነው፣ ሰዉ ገዝቶ እዛው ለቆመው ድሃ ይሰጣል ድሃው ዞር ሳይል ለዛው ሻጭ በግማሽ ዋጋ ይመልሳል፣ አንዱ ከረጢት ስንቴ እንደሚሸጥ አላህ ይወቀው።

አቡ ዐብዲላህ፦ ከተቀበለ በኋላ ንብረቱ ነው፣ ቢሸጠው አንተን ምን አገባህ? ነጋዴ ብልጥ ሆነ ተብሎ ሱና አይቀየርም።

የሪያዱ ልጅ፦ የግብፅ ዳሩል ኢፍታእ (የፈትዋ መስሪያ ቤት) በየዓመቱ በገንዘብ ስንት እንደሆነ ያሳውቃል። ኢራቅ ነጀፍ ያሉት የሺዓው ሊቅ ሲስታኒ እንኳ ዋጋውን መስጠት ይበቃል ይላሉ።

አቡ ዐብዲላህ፦ ሱብሃነላህ፣ ጤፍ ስንፈልግ ነጀፍ ደረስን! ቀጥሎ ከሺዓ ልንማር ነው?

ሐነፊው፦ ነጀፍ ሳትደርስ ኩፋ ላይ ውረድ፣ የአቡ ሐኒፋ ሀገር ናት።

እሙ ሐናን፦ እናንተ ተከራከሩ፣ እኛ ሰፈር የተሰበሰበው ብር ኮሚቴው እጅ ላይ ዒድ አለፈበት። ከሰላት በፊት አልነበር እንዴ? እህል ቢሆን ቦታ ስለሚይዝ እንኳ ያከፋፍሉት ነበር።

የወሎዋ፦ እሱ የኮሚቴ ችግር ነው። የኔ ጥያቄ ግን ተዘለለ፣ ጤፍ ሐዲሱ ላይ የት አለ?

አቡ ዐብዲላህ፦ ጤፍ ይበላል፣ ብር አይበላም። አለቀ።

የወሎዋ፦ ለአንዲት አሮጊት ሦስት ኪሎ ጤፍ ሰፍረህላት ስትሄድ የወፍጮውን ማን ይክፈልላት? ከሰሉን ዘይቱንስ?

አቡ ዐብዲላህ፦ አስፈጭተሽ ስጫታ!

ሐነፊው፦ 😂😂 ሻፊዒዮች ዘንድ ዱቄትም አይበቃም እኮ፣ እህሉ ራሱ ነው። ቆይ አንተ የማን መዝሃብ ነህ?

አቡ ዐብዲላህ፦ እኔ ደሊል (ማስረጃ) ነው የምከተለው፣ መዝሃብ አይደለም።

ሐነፊው፦ ቅድም «ሦስቱም መዝሃቦች» ያለው ማን ነበር ታዲያ?