«ጤዛ»፣ «ድፍረት» እና «ላምብ»፦ ፊልሞቻችን የሚናገሩት ለማን ነው?

ነጭ መጋረጃ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ሦስት ፊልሞችን በተከታታይ ተመልክቼ አንድ ጥያቄ ስላስጨነቀኝ የእናንተን አስተያየት ለመስማት ጽፌአለሁ። ፊልሞቹ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»፣ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» እና የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ናቸው። ሦስቱም በውጭ አገር ፌስቲቫሎች ትልቅ ክብር አግኝተዋል፤ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በዓመቱ ደግሞ በቡርኪና ፋሶ ዋጋዱጉ የሚካሄደውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወስዷል፤ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው።

ከሦስቱ ልቤ ውስጥ የቀረው «ጤዛ» ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር በሰው ሠራሽ እግር እያነከሰ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ ምን እንደ ደረሰበት ቁጭ ብሎ የሚተርክልን ሰው የለም። የመንደሩ ልጆች አፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ሲደበቁም አፈሳ ምን እንደሆነ የሚያብራራ የለም፤ የእናቶቹን ፊት አይቶ የማይገባው ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። «ድፍረት»ን ሳይ ግን ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ስለ ጠለፋ የሚናገሩት እርስ በርሳቸው የሚያውቁትን ነገር ስለሆነ፣ ንግግሩ የተጻፈው አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው ሳይሆን የግርጌ ጽሑፍ ለሚያነበው እንግዳ መሰለኝ። ታሪኩ እጅግ የሚያም፣ ተዋንያኑም ጎበዞች ሆነው ሳለ፣ በእነዚህ ቦታዎች ስሜቴ ተቋረጠ። እናንተስ እንዲህ ተሰምቷችኋል?

ችሎት

ወንድሜ፣ ስለ «ጤዛ» ያልከውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ በ«ድፍረት» ላይ ያቀረብከው ቅሬታ ግን የፊልሙን ጉዳይ የዘነጋ ይመስለኛል። ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ገድላ ፍርድ ቤት የቀረበች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ፊልሙም በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ በእውነት በተፈጸመ የክስ ጉዳይ ላይ የተመሠረተ ነው። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ከፍቶለት ነበር፤ ይህ ድንጋጌ የተሻረው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያድግ የሃያ ዓመት ወጣት ይህን አያውቅም። ስለዚህ ማብራሪያው ለፈረንጅ ብቻ ነው ብሎ መደምደም ይከብደኛል፤ ለልጆቻችንም ነው። ደግሞም የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ላይ ሰው አቤቱታውን ከሥር ከመሠረቱ ጀምሮ፣ ሁሉም የሚያውቀውን እየደጋገመ ማቅረቡ የዳኝነቱ ወግ ነው። የሽምግልና ጉባኤ የተቀመጠ ሰው ይህን አይስተውም።

ዘቢዳር

ሁለታችሁም «ላምብ»ን በዝምታ ማለፋችሁ አሳዘነኝ። ኤፍሬም እናቱን በድርቅ አጥቶ፣ አባቱ ዘመድ ቤት ጥሎት ሥራ ፍለጋ ሲሄድ የቀረው ወዳጅ ጩኒ የምትባል በግ ብቻ ናት፤ አጎቱ ደግሞ ለበዓል ትታረዳለች ብሎ ቆርጧል። ልጁ በጓን ለማዳን ሳምቡሳ እየጠበሰ ገበያ ያወጣል። በወንድ ልጅ ዘንድ ማዕድ ቤት መግባት እንደ ነውር በሚቆጠርበት ቤት ውስጥ ሊጡን ሲዳምጥና ሲያጥፍ ካሜራው እጆቹ ላይ የሚቆይበት ትዕይንት በእኔ እምነት የፊልሙ ልብ ነው፤ ከእናቱ የተማረውን ሙያ እጁ አልረሳውም፣ ይህንንም ማንም በቃል አይናገረውም። ጋዜጣ የምታነበው የኤፍሬም ዘመድ ጽዮንም እንዲሁ ናት፤ መንደሩ እንደማይበቃት ከአነባበቧ እንረዳለን። የሚከፋኝ አንድ ነገር ቢኖር ተራራውና አረንጓዴው መስክ በተደጋጋሚ ከሩቅ መታየቱ ነው። እዚያ ተወልዶ ያደገ ልጅ ተራራውን እንዲህ ቆሞ አያደንቀውም።

ጆርጂያ አቬኑ

የምኖረው ዋሽንግተን ስለሆነ ነገሩን ከገንዘብ በኩል ልየው። «ላምብ» በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በኖርዌይ አጋሮች ጭምር የተሠራ ነው፤ «ጤዛ»ም የጀርመን ገንዘብ አለበት። ገንዘብ የሰጠ ሰው ጽሑፉን አንብቦ «ይህ አልገባኝም» ማለቱ አይቀርም፤ ማብራሪያው ወደ ፊልሙ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በር ይመስለኛል። ኃይሌ ገሪማ ይህን ጫና የተቋቋመው በምን ዋጋ እንደሆነ እዚህ ከተማ ያለን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልሙን ሲያወጣ አከፋፋዮች ፊት ስለነሱት፣ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከከተማ ከተማ አሳይቶታል፤ በኋላም ከባለቤቱ ጋር ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፍቷል። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ገበሬዎች ራሳቸውን ሆነው የሚታዩበት ፊልም ነው። ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲቆጣ፣ ጭሰኛው ራቅ ብሎ አንገቱን ሲደፋ ትርጉሙን ከሁለቱ ርቀት እናገኘዋለን።

ነገር ግን ለጠያቂው አንድ ነገር ላስታውስ እወዳለሁ። በ«ጤዛ» ውስጥም ማብራሪያ አለ። ጀርመን ያሉት ተማሪዎች ስለ አብዮቱ የሚከራከሩባቸው ትዕይንቶች ለእኔ ንግግር ሳይሆን ንባብ ይመስሉኛል፤ ፊልሙ ወደ ጣና ዳር፣ ወደ እናቲቱ ቤት ሲመለስ ነው እንደገና የሚተነፍሰው።

ነጭ መጋረጃ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ችሎት ስለ ሽማግሌዎቹ ሸንጎ የጻፉት ትዕይንቱን በሌላ ዓይን እንዳየው አድርጎኛል፤ ሆኖም የሂሩት ጠበቃ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ስትነጋገርም ያው የማብራሪያ ድምፅ ይሰማኛልና ቅሬታዬን ሙሉ በሙሉ አላነሣም።

ስለ ጀርመን አገር ትዕይንቶች ግን አልስማማም። የዚያ ትውልድ ሰዎች፣ በቤተሰቤም ውስጥ ያሉት ጭምር፣ ዛሬም ፖለቲካ ሲነሣ የሚናገሩት ልክ እንደዚያ፣ ከበራሪ ጽሑፍ እንደሚያነቡ ሆነው ነው። አንበርብር እናቱ ፊት ቃል የሚያጥረው፣ ከጓዶቹ ጋር ሲሆን ያን ሁሉ ቃል ይናገር የነበረ ሰው ስለሆነ ነው፤ የመጀመሪያው ባይኖር ሁለተኛው እንዲህ አይከብድም ነበር። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እስካሁን አላየሁትምና ጥሩ ቅጂ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ካለ ቢጠቁመኝ ደስ ይለኛል።