ከንቲባው በቦርድ ወንበሩ ተወካይ ይላክ ወይስ ራሱ ይቀመጥ?

ከደብረ ማርቆስ፦
ሰላም የጎጃም ልጆች። አንድ ከንቲባ ወይም የወረዳ አስተዳዳሪ ስንት ቦርድ ላይ እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ። የውሃው አለ፣ የሆስፒታሉ አለ፣ የትምህርቱ አለ። ሰውየው አንድ ነው። ስለዚህ አይመጣም፣ ምልዐተ ጉባኤ አይሞላም፣ አጀንዳው ለሚቀጥለው ይባላል። እኔ የምለው፣ ድምፅ መስጠት የሚችል ተወካይ ይላክና ሥራው ይሂድ። ምን ትላላችሁ?

ከፍኖተ ሰላም፦
በጭራሽ አልስማማም። አንድ ከተማ ውስጥ የውሃ ቦርድ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሰብሳቢው አልመጡም፣ ከቢሮ አንድ ልጅ ልከዋል። ልጁ ማስታወሻውን ይዞ ጥግ ላይ ተቀመጠ። የፓምፕ ግዢ ሲነሳ «አለቃዬን ልጠይቅ» ብሎ ስልኩን ይዞ ወጣ፤ ስልኩ አይነሳም፤ እኛ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። በመጨረሻ «ለሚቀጥለው ይሁን ተብሏል» አለን። ፈረመ፣ አበሉን ተቀበለ፣ ሄደ። የላይኛው ሰፈር ሰው ያን ሰሞን ጀሪካን ይዞ ወንዝ ይወርድ ነበር። ልጁ ምን ያድርግ፣ ሥልጣን አልተሰጠው!

ከባህር ዳር፦
ሕግ ስላጠናሁ ትንሽ ልጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2215 ተወካይ ሥራውን ራሱ ይሥራ ይላል፤ ሌላ ሰው የሚተካው ወካዩ ከፈቀደለት ነው። ይሄ የግል ውክልና ሕግ ስለሆነ ቦርድን በቀጥታ አይገዛም፣ ሐሳቡ ግን እዚህም ይሠራል። የከንቲባው ወካይ ማነው? ሕዝቡ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 12 ላይ ተመራጭ ኃላፊነቱን ካጓደለ ይጠየቃል፣ ሕዝብ እምነት ካጣበት ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል። የተላከውን ልጅ ግን ማን ያነሳዋል? እኛ አልመረጥነው።

ከሞጣ፦
ወንድሜ ሕጉን ልክ ብለሃል። ግን የሆስፒታል ቦርድ ሳይሰበሰብ ሲቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ እኔ ልንገርህ፣ እዚያ ስለምሠራ። ሆስፒታሉ ከታካሚ የሚሰበስበውን ገቢ የሚጠቀመው ቦርዱ ባየው ዕቅድ ነው። ዕቅዱ ጠረጴዛ ላይ ካደረ የመድኃኒት ግዢው አብሮ ያድራል፣ ታካሚውም ማዘዣ ወረቀት ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል። ምክትሉ ቢመጣ ምን ችግር አለው? እሱም እኮ ኃላፊ ነው።

ከደጀን፦
ልጆቼ፣ እድር ላይ አባል ቢታመም ልጁን ለቀብር ይልካል፤ ማንም አይቆጣም። ዳኛው ግን ልጄን ልኬ ላስፈርድ ቢል አንቀበልም። ለጉልበት ሰው ይላካል፣ ለፍርድ አይላክም። ታሪፍ መጨመር ፍርድ ነው፣ ሥራ አስኪያጅ መሾምም ፍርድ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦
ጋሼ፣ ያሉት ገብቶኛል። እኔም ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው ይምጣ አላልኩም። ተወካዩ በደብዳቤ ስሙ ተጠቅሶ ለዓመቱ ይሰየም፣ አንድ ሰው ይሁን፣ የሰጠው ድምፅ የላኪው ድምፅ ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ። ታሪፉን ከጨመረ ከንቲባው ነው የሚጠየቀው። «እኔ አልነበርኩም» ማለት እንዳይቻል።

ከፍኖተ ሰላም፦
እሱ ከአሁኑ ይሻላል፣ አልክድም። ግን ለምን ወንበሩ ሁሉ የባለሥልጣን ይሆናል? በ1984 የወጣው የመንግሥት የልማት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 25 እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑትን የቦርድ አባላት ሠራተኛው ራሱ እንዲመርጥ ፈቅዶ ነበር። ታዲያ የውሃ ቦርድ ላይ ለምን የቧንቧ ደንበኛው አይመርጥም? ከንቲባው ጊዜ የሌለውን ቦርድ ይልቀቅና ውሃ የጠማው ሰው ይቀመጥበት። እሱ ተወካይ አይልክም፣ ራሱ ይመጣል።

ከሞጣ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ለሆስፒታሉም ይታሰብበት። እስከዚያ ግን ምክትሉ ይምጣ፣ የመድኃኒቱ ዕቅድ በሚቀጥለው ስብሰባ መጽደቅ አለበት።