ለፀረ ሙስና ሽልማት ከሀዋሳ ሰው እንጠቁም ወይስ እንተው?

አወያይ፦ የሳምንቱ ክርክር ይኸው። ሙስናን ለሚታገሉ ሰዎችና ቡድኖች የሚሰጡ የታወቁ ሁለት ዓለም አቀፍ ሽልማቶች አሉ። አንዱ ሙስናን የሚታገለው ዓለም አቀፍ ድርጅት የትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በኳታር አሚር ስም የሚሰጠው ሲሆን በ2019 ሥነ ሥርዓቱ ኪጋሊ ነበር። ከሀዋሳ የመሬት ወይም የግዥ ሌብነት ያጋለጠ ሰው ዕጩ አድርገን እንጠቁም? ስም እንዳትጽፉ።

ታቦር፦ እደግፋለሁ። ስሙ በዓለም የታወቀን ሰው አለቃው «መዋቅር ተስተካከለ» ብሎ በማግስቱ ሊያነሳው ይከብደዋል። ሽልማት ጋሻ ነው። የኳታሩ ደግሞ ለአጋላጭ ብቻ አይደለም፤ ለጥናትና ትምህርት፣ ለወጣቶች ፈጠራ፣ ለስፖርትም ዘርፍ አለው።

ሕግ አዋቂዋ፦ ወንድሜ ታቦር፣ ዴቪድ ሙንያኬን አስበው። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ሠራተኛ ነበር፤ በወርቅ ኤክስፖርት ሰበብ የመንግሥት ገንዘብ የተዘረፈበትን የጎልደንበርግን ጉዳይ አጋልጦ ከሥራ ተባረረ። የትራንስፓረንሲ ሽልማት የደረሰው ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በ2006 በድህነት ሞተ። ጋሻው ከጦሩ በኋላ መጣ።

ኦዲተር፦ ቀድሞ መሸለምም ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ትራንስፓረንሲ «ላቫ ጃቶ» የተባለውን የብራዚል ትልቅ የሙስና ምርመራ የያዙትን ዐቃብያነ ሕግ ሸለመ። በ2021 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በነበረው በሉላ ላይ የተሰጡት ፍርዶች ተሻሩ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛው አድልቷል ሲልም ወሰነ። የተሸለሙት ክርክሩ ሳያልቅ ነው። የእኔ አቋም፣ የመጨረሻ ፍርድ ያላገኘ ጉዳይ ለሽልማት አይጠቆም።

ታቦር፦ ጋሽ ኦዲተር፣ እንደዚያ ከሆነማ እኛ አገር ተሸላሚ የሚገኘው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው።

የግዥ ሰው፦ ሽልማቱ ቆይቶ ይደርሳል፤ አብዛኛው ጥቆማ እኮ መርማሪ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚሞተው። ግዥ የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ጨረታ መውጣት የነበረበትን ግዥ ሸንሽኖ በፕሮፎርማ መግዛት አለ፤ ሦስቱ ፕሮፎርማዎች የሦስት ሱቅ ማኅተም አላቸው፣ ባለቤቱ ግን አንድ ነው። ስፔስፊኬሽኑን በአንድ አቅራቢ ዕቃ ልክ መስፋት አለ። ከሁሉም የከፋው ያልገባን ዕቃ ገብቷል ብሎ ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) መቁረጥ ነው፤ ወረቀቱ የተሟላ ስለሆነ ቆጠራ እስኪደረግ ማንም አያውቅም።

«እከሌ በላ» ተብሎ የተጻፈ ጥቆማ ፋይል ውስጥ ይተኛል። መርማሪ የሚያነሳው የጨረታ ቁጥር፣ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ቀን፣ የሞዴል 19 ቁጥርና የክፍያ ማዘዣ ቁጥር ያለበትን ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሰነዱ በሁለት ሰው እጅ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ኮፒውን አያይዞ መላክ ራስን ማሳወቅ ነው። ሰነዱ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ፋይል ውስጥ እንዳለ መጠቆም ይበቃል።

ሕግ አዋቂዋ፦ ልክ ነው። ከሕጉ አንፃር ደግሞ የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ 699/2003 ማንነትን መደበቅን ይፈቅዳል፤ የሚሠራው ግን በ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት በሚያስቀጡ ወንጀሎች ላይ ነው። መስኮት ላይ «ለሻይ» የሚጠየቀው እዚያ ውስጥ አይገባም። ጥበቃ ያገኘውንስ ሰው መድረክ ላይ አቁመን ፎቶ ካነሳነው ምኑን ደበቅነው? የሀብት ምዝገባ አዋጅ 668/2002 የተሻለ መንገድ አለው። ያልተመዘገበ ሀብት ጠቁሞ ሀብቱ ከተወረሰ ጠቋሚው 25 በመቶ ያገኛል። ገንዘብ አለ፣ ጭብጨባ የለም።

ሀይቅ ዳር፦ ቃሉስ? በአማርኛ ዕጩም ሌባም «ይጠቆማል»። በደርግ ጊዜ «ጠቋሚ» ማለት ምን እንደነበር ታላላቆቻችንን ጠይቁ፤ ዛሬም ቢሮ ውስጥ «አሳባቂ» የሚባለው እሱ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባልበት አገር ውስጥ ሜዳሊያ የሚያጠልቀው ሰው ለጎረቤቱ ጀግና ሆኖ አይታይም። የኳታሩን ደግሞ እኔ አልፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2022፣ ያውም በዓለም ፀረ ሙስና ቀን በዲሴምበር 9፣ የቤልጂየም ፖሊስ ከኳታር ጋር በተያያዘ የጉቦ ጥርጣሬ የአውሮፓ ፓርላማ ሰዎችን ያዘ። ኳታር አስተባብላለች፤ ቢሆንም ያ ሜዳሊያ አንገቴ ላይ ይከብደኛል።

ኦዲተር፦ እንግዲያውስ ሰው ሳይሆን ቡድን እንጠቁም። የቀበሌያቸውን በጀት አንብበው፣ ጤና ጣቢያውን በመመዘኛ ካርድ ነጥብ ሰጥተው፣ ውጤቱን ኃላፊዎቹ ፊት የሚያነቡ ነዋሪዎች አሉ። ይህ ማንንም «አሳባቂ» አያሰኝም፤ ማስረጃውም ለሁሉም ግልጽ ነው።

ሕግ አዋቂዋ፦ በዚህ እስማማለሁ። ሲጻፍ ግን ምን ተለወጠ የሚለው ይቅደም፤ መድኃኒት ስንት ቀን ይጠፋ ነበር፣ አሁንስ? «ግንዛቤ ፈጠሩ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለዳኞች ምንም አይነግርም።

ሀይቅ ዳር፦ ቡድንም ሰብሳቢ አለው። ለጉዞው ፓስፖርት የሚያወጣው እሱ ነው፤ ሌሎቹ ሲመለስ ነው የሚሰሙት።

አወያይ፦ ሰብሳቢውን በዕጣ ብናወጣውስ?