ዓመት ሙሉ ጨጓራ ሲሉኝ የሐሞት ጠጠር ሆኖ ተገኘ፤ ኦፕራሲዮን ልሁን?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። 38 ዓመቴ ነው። ዓመት ሙሉ ጨጓራ ነው እየተባልኩ ኦሜፕራዞል (የአሲድ መቀነሻውን) ስውጥ ከረምኩ። ኤች ፓይሎሪ አለብሽ ተብዬም የ14 ቀኑን መድኃኒት ጨርሻለሁ። ተልባው፣ አብሹ፣ የቀረኝ የለም። ግን ሕመሙ ሁሌ አይደለም፤ ሳምንትም ወርም ደህና እከርምና ድንገት ይመጣል። ሁዳዴውን እንኳን ደህና ነበርኩ ማለት ይቻላል። የፋሲካ ለት ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በዶሮ ገደፍን፣ ሊነጋጋ ሲል ልቤ ስር ሰቅዞ ያዘኝ። ከዚያ ወደ ቀኝ ጎኔ ዞረ፣ ጀርባዬን አልፎ ትከሻዬ ድረስ። ብተኛ ብቆም አልሆን አለኝ፣ አስታወከኝ፣ ላብ አጠመቀኝ። ሦስት ሰዓት ያህል አሰቃይቶኝ እንዳልነበረ ሄደ።

በባዶ ሆዴ አልትራሳውንድ ታየሁ። ብዙ ጠጠሮች፣ ትልቁ 12 ሚሊ ሜትር፣ የሐሞት ከረጢቱ ግድግዳ አልወፈረም፣ የሐሞት ቱቦው አልሰፋም ይላል። ሐኪሙ ከረጢቱ ከነጠጠሩ ይውጣ አለ። እናቴ ደግሞ «እግዜር ያስቀመጠውን እንዴት አውጥተሽ ትጥያለሽ?» ትላለች። ባለቤቴ ሐሞተ ቢስ ልትሆኚ ነው እያለ ይስቃል። የኔ ሐሞት ግን ሳይወጣም ፈሷል። የደረሰባችሁ ንገሩኝ እስቲ።

የጉለሌው፦
እህቴ፣ እኔ የሠራሁትን እንዳትሠሪ። እንዳንቺው እየመጣ እየሄደ ሲያሠቃየኝ ሁለት ዓመት ዝም አልኩት። የወይራ ዘይት በሎሚ ጠጥቼ በማግስቱ አረንጓዴ እንክብሎች ሲወጡ ተገላገልኩ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ለካ እሱ ራሱ የጠጣሁት ዘይት ነው፤ ሆድ ውስጥ እንደ ሳሙና ረግቶ የወጣ። ጠጠሩማ ቁጭ ብሏል። አንድ ሰኞ ቢሮ አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ «ዓይንህ ምን ሆኗል?» አለኝ። ቢጫ። ሽንቴ ጥቁር ሻይ መስሎ ነበር፣ ሰገራዬ ነጥቷል፣ ያሳክከኛል፣ ማታ ብርድ ብርድ እያለ ያንቀጠቅጠኛል። ጠጠሩ ወርዶ የሐሞቱን ቱቦ ዘግቶታል። መጀመሪያ በአፌ ቱቦ አስገብተው እሱን አወጡ፣ ከዚያ ለከረጢቱ ሌላ ኦፕራሲዮን። በአንድ የሚያልቀው ሁለት ሆነብኝ፣ ወጪውን ተዪው።

ተረኛ ሐኪም፦
ሐኪም ነኝ፣ ግን ያንቺን ሐኪም አይተካም። እኛ አገር ሆድን ያመመ ሁሉ ጨጓራ ነው የሚባለው፤ ብዙ የሐሞት ጠጠር የሚደበቀውም እዚያ ስም ስር ነው። ጨጓራ በአብዛኛው ያቃጥላል፣ የአሲድ መድኃኒት ያስታግሰዋል። የሐሞት ሕመም ግን እየበረታ ይሄድና ሰቅዞ ይይዛል፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ይቆያል፣ ብታገሺም ብትጸዳጂም አይለቅም። ቅባት ከበዛበት ምግብ በኋላ ወይም ሌሊት መምጣት ይወዳል። ልዩነቱ ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይደለም፣ ሁለቱም አብረው ሊኖሩብሽ ይችላሉ።

ጠጠር መኖሩ ብቻውን ለኦፕራሲዮን አያበቃም። እንዲህ እያመመ ሲመላለስ ግን የሚመከረው ማውጣት ነው፣ ምክንያቱም አንዴ የጀመረው ብዙ ጊዜ ይደግማል። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው፣ ለእናትሽ ይሄንን ንገሪያት። የሚያሟሟ ኪኒን አለ፤ ለትንንሽ የኮሌስትሮል ጠጠር ካልሆነ አይረባም፣ ወራት ይፈጃል፣ ስታቆሚው ጠጠሩ ሊመለስ ይችላል።

በላፓራስኮፒ (ሆድ ሳይከፈት በካሜራ) ከሆነ አራት ያህል ትንንሽ ቀዳዳ ነው፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤትሽ ትገቢያለሽ። በተከፈተ ከሆነ ማገገሚያው ሳምንታት ነው። አደጋ የለውም አልልሽም፤ አልፎ አልፎ የሐሞት ቱቦ ሊጎዳ ይችላል፣ እሱ ደግሞ ከባድ ነገር ነው። ስለዚህ ሐኪሙን ስንት ሰው እንደሠራ ሳታፍሪ ጠይቂው። እስከዚያው ሕመሙ አምስት ስድስት ሰዓት አልፎ ካልለቀቀ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ወይም ማስታወኩ አልቆም ካለ (ቆሽትም ሊቆጣ ይችላል) ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ሂጂ።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔ 67 ዓመቴ ነው። ለፕሮስቴት አልትራሳውንድ ሲያዩኝ ሳያስቡት የሐሞት ጠጠር አገኙ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው፣ አንድ ቀን ቆንጥጦኝ አያውቅም። ሐኪሜም ካልነካህ አትንካው አለኝ። ያንቺ ግን ነክቶሻል።

ዱባይ ያለችው፦
እኔ ባለፈው ዓመት በላፓራስኮፒ ተሠራሁ። የገረመኝ፣ ከሆዴ ይልቅ ትከሻዬን ነበር ያመመኝ፤ ሆድ የሚነፉበት ጋዝ ነው አሉኝ፣ በሁለት ቀን ሄደ። መጀመሪያ አካባቢ ቅባት ስበላ ወደ ሽንት ቤት ያስሮጠኝ ነበር። አሁን ክትፎም እበላለሁ፣ ምንም አልሆን። አንድ ነገር ግን፣ ፈርተሽ ራስሽን በረሃብ እንዳታከሺ፤ ቶሎ መክሳትም ጠጠር ያመጣል ብለውኛል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ «ነክቶሻል» ያሉኝ ነገር ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ፤ ቆጥሬው በአራት ወር አምስት ጊዜ ሆኗል። ሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ። በላፓራስኮፒ መሆኑንና ስንት ሰው እንደሠራ እጠይቀዋለሁ። እናቴንም ይዣት ነው የምሄደው። የጉበቱን ነገር ስነግራት ትንሽ ለዘብ ብላለች፣ አሁን ደግሞ ጠጠሩን ሲያወጡት በብልቃጥ አምጪልኝ፣ በዓይኔ ልየው እያለች ነው።