ከፈተና በፊት አምስት ደቂቃ የትንፋሽ ልምምድ፦ ለልጆቻችን ይፈቀድ?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራኑ ያቀረቡትን ሐሳብ ታስታውሳላችሁ። ከሞዴል ፈተና በፊት ተማሪዎች ለአምስት ደቂቃ ጸጥ ብለው ትንፋሻቸውን ይከታተሉ የሚል ነው። የወላጆች ስብሰባው በጩኸት ስለተበተነ እዚህ በጽሑፍ እንጨርሰው። እኔ እደግፋለሁ፤ ምክንያቴም ከቤቴ የመጣ ነው።

አምና ክረምት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልቤ እየደለቀ እነቃ ነበር። ተመረመርኩ፤ ልብሽ ደህና ነው ተባልኩ። ሐኪሙ ያሳየኝ ነገር ቀላል ነበር፦ እስከ አራት እየቆጠሩ በአፍንጫ ወደ ውስጥ መሳብ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማውጣት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልረባኝም። ቁጥሩን ሦስት ሳልደርስ የቤት ኪራዩ ትዝ ይለኛል። በሦስተኛው ሳምንት ግን መንቃቴ ባይቀርም ተመልሼ መተኛት ቻልኩ። ልጄም አይታኝ ጀመረች። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጆቻችን ይህን ቁጥር በቃላቸው ያውቁታል፤ ይዘውት ይተኛሉ።

የሁለት ልጆች አባት፦ እህቴ፣ እንቅልፍዎ በመመለሱ ከልቤ ደስ ብሎኛል። እቤትዎ የሚያደርጉትን ማንም አይከለክልዎትም። ጥያቄው ስለ ትምህርት ቤት ነው። ትንፋሽን መቆጣጠር በሂንዱ እምነት ፕራናያማ የሚባል የዮጋ ክፍል ነው፤ ቡድሂስቶችም ትንፋሽን መከታተልን የመንፈሳዊ ሕይወታቸው መሠረት ያደርጉታል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ልጆቻችን በክፍል ውስጥ አባታችን ሆይ እንዳይሉ የሚከለክል ሕግ፣ የሌላ አገር ሥርዓት በጤና ስም ሲገባ እንዴት ዝም ይላል? ደግሞም አእምሮን ባዶ ማድረግ ያስፈራኛል። ተጠርጎና አጊጦ ባዶ የተገኘው ቤት ምን እንደገባበት በወንጌል አንብበናል።

ነርስና የ10ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ ወንድሜ፣ ሥጋትዎን አከብራለሁ። ነገር ግን አእምሮን ባዶ አድርጉ ያለ የለም፤ ልጁ ይቆጥራል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ያስተውላል። ወደ ውስጥ ስንስብ ልብ በጥቂቱ ትፈጥናለች፣ ስናወጣ ትዘገያለች። ቬገስ የሚባለው ከአንጎል ግርጌ ተነስቶ እስከ ሆድ ዕቃ የሚወርድ ነርቭ ነው ልብን የሚያበርዳት። ለዚህ ነው ማውጫው ከመሳቢያው የሚረዝመው። ጤነኛ አዋቂ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በአራትና በስድስት የቆጠረ ግን ወደ ስድስት ይወርዳል። በማዋለጃ ክፍል ምጥ የያዛትን እናት «ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» እያልኩ ስንት ዓመት ሠርቻለሁ። ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበሩ፤ ሃይማኖት የሰበክሁባት የለችም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ በኃይልና በፍጥነት መተንፈስ ሌላ ጉዳይ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በደም ውስጥ ስለሚቀንስ ጣት ይደነዝዛል፣ ያዞራል። በስልክ ያዩትን ሁሉ የሚሞክሩ ልጆች አሉና ይታወቅ።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ በእኛ ቤት ከሰላት በኋላ ሱብሐነላህ 33 ጊዜ፣ አልሐምዱሊላህ 33 ጊዜ ይባላል። ልጄ ሲጨርስ ፊቱ ላይ የማየው እርጋታ ሌላ ነው። ስለዚህ አምስቱ ደቂቃ ይሰጥ፤ ነገር ግን ማንም ልጅ በዚያ ጊዜ በልቡ ምን እንደሚል አይታዘዝ።

መምህርና ወላጅ፦ ሦስት ተማሪ በአንድ መጽሐፍ የሚያነብበት ክፍል ውስጥ ነው የማስተምረው። ጭንቀታቸው ከዚያም ይመጣል። ልምምዱን አልቃወምም፤ መጽሐፉን እንድንረሳበት ግን አልፈልግም።

ከደሴ የመጣሁ አባት፦ እስካሁን ዝም ያልኩት ምን ብዬ እንደምጽፈው ስለጨነቀኝ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ከደሴ ከነቤተሰቤ ወጣሁ። እዚህ ከተረጋጋን በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከስልክ ላይ ያገኘሁትን የትንፋሽ መመሪያ ተከተልኩ። መብራቱን አጠፋሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጸጥታው ውስጥ የጠበቀኝ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ነበር። ትንፋሼን ባዳመጥኩ ቁጥር ደግሞ የትንሹ ልጄ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ በዚያ ሌሊት ጀርባዬ ላይ ሆኖ አንገቴ ሥር ሲያለከልክ እንደሰማሁት። ላብ አጥምቆኝ ተነሳሁ። ከራሴ ጋር እልህ ተጋብቼ ሰባት ሌሊት ሞከርኩ፤ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። ባለቤቴ ተው አለችኝ፣ ተውኩት።

ኋላ ላይ ያነጋገረችኝ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዓይንህን አትጨፍን አለችኝ። እግርህን ወለሉ ላይ አሳርፍ፣ መስኮቱን እይ፣ በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ነገሮች አንድ በአንድ በስማቸው ጥራ፤ ትንፋሹ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አሁን ጠዋት ጠዋት ቡና እስኪፈላ ድረስ እንደዚያ አደርጋለሁ፤ ጀበናውን እያየሁ። ይጠቅመኛል። ያ ጀርባዬ ላይ የነበረው ልጅ ዛሬ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። «ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ» የሚል መምህር ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚያይ እኔ አውቃለሁ። በየክፍሉ እንደሱ ያሉ ስንት እንደሆኑ ማን ጠይቋል?

ነርስና የ10ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ ወንድሜ፣ ይህን ከእኔ በፊት ማንሳት የነበረብዎት እርስዎ አልነበሩም፤ የእኔ ሥራ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መከራ ለደረሰባቸው ሰዎች ያዘጋጀው የቡድን ትምህርት በኡጋንዳ በደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች ላይ ተሞክሮ ጭንቀታቸውን አቅልሎላቸዋል። እሱም መጀመሪያ የሚያስተምረው ባለሙያዋ ለእርስዎ ያለችውን ነው፦ ዙሪያህን አስተውል።

የሁለት ልጆች አባት፦ የደሴው ወንድማችንን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሲስተር፣ የምጥ ምሳሌዎ ከፊል ጥያቄዬን መልሷል፤ ሥጋ የራሱ ሥርዓት እንዳለው አልክድም። እኔም ማታ ማታ በመቁጠሪያዬ 41 ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ስል ልቤ ይረጋጋል። ነገር ግን የምቆመው ለመረጋጋት አይደለም፤ ምሕረት ለመለመን ነው። እርጋታው ተከትሎ ይመጣል። ልጄ ግቡን ትቶ ተከታዩን ብቻ መፈለግ እንዳይለምድ ነው የምፈራው። ይህን ፍርሃቴን ነርቭ በመጥቀስ የሚመልስልኝ ሰው የለም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ ትክክል ነዎት፣ ያንን እኔ አልመልስልዎትም፤ የቤትዎ ሥራ ነው። ሐሳቤን ግን አስተካክያለሁ። ዓይን አይጨፈን። ዜማም ሆነ የባዕድ ቃል አይኑር። ያልፈለገ ልጅ ደብተሩን ያንብብ፣ ለምን ተብሎም አይጠየቅ። ከሁሉ በፊት መምህራኑ ከአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ይቀመጡ። በየክፍሉም አንድ ወላጅ ገብቶ ይይ።

የሁለት ልጆች አባት፦ ድምፄ አሁንም ተቃውሞ ነው። ወላጅ ይግባ ከተባለ ግን የመጀመሪያው ቀን እኔ እገባለሁ።

ከደሴ የመጣሁ አባት፦ ከገቡ አይቀር አንድ ነገር ልለምንዎት። ልጄ በሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ በሩም ክፍት ይሁን።