ሮም ላይ አሳማ ሳይነኩ፣ ጾም ሳይገድፉ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። በመጋቢት እናቴን ይዤ ከስቶክሆልም ሮም ልሄድ ነው። እሷ አሳማ አትነካም፤ ጾምም አትገድፍም። የሐበሻ ቤት ስንፈልግ ብቻ እንዳንውል ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ይዘሻቸው ሄድሽ። ከፓስታው ልጀምር። የሮም ሰው የሚኮራባቸው አራት ናቸው፦ ካርቦናራ፣ አማትሪቻና፣ ግሪቻ እና ካቾ ኤ ፔፔ። ሦስቱ ውስጥ ጓንቻሌ አለ፤ የአሳማ ጉንጭ ነው። ሜኑው ላይ «አሳማ» የሚል ላታዪ ትችያለሽ። ካቾ ኤ ፔፔ ግን የበግ አይብና ቁንዶ በርበሬ ነው። አንቺ ካልጾምሽ እሱን እዘዢ። ለእሳቸው ፒዛ ማሪናራ፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት። አይብ የለውም። አንዳንድ ቤት ትንንሽ አሳ ጣል ያደርጉበታልና ቀድመሽ ጠይቂ።

አንድ ቀን ምሳ የድሮው የአይሁድ ሰፈር ብሉ። ጳጳሱ ጳውሎስ አራተኛ በፈረንጆቹ 1555 አይሁዶችን በግንብ አጥረው ያስገቡበት ቦታ ነው። ዛሬ ኮሸር (በአይሁድ ሕግ የሚያበስሉ) ቤቶች ተደርድረውበታል፤ አሳማ ደጃቸው አይደርስም። ካርቾፊ አላ ጁዲያ በሉ። አርቲቾክ የሚባለውን አትክልት ሙሉውን ዘይት ውስጥ ይጠብሱታል። ቅጠሉ እንደ አበባ ይከፈታል፤ ዳር ዳሩ ይንኮሻኮሻል፣ ልቡ ለስላሳ ነው። በእጅ እየነጠሉ መብላት ነው። እናትሽ ሹካ ፍለጋ አይቸገሩም! የጾምም ነው፤ ወቅቱም መጋቢት ላይ ነው። ዓርብ ማታና ቅዳሜ ግን ይዘጋሉ።

አንቺ ዱለት የምትወጂ ከሆነ ቴስታቾ ሂጂ። እስከ 1975 ድረስ የሮም ቄራ እዚያ ነበር። ሥጋው ለሀብታም ይሄዳል፣ ጨጓራና ጭራው ለሠራተኛው ይቀራል። ከዚያ የተወለደው ምግብ አሁን የሰፈሩ ኩራት ነው። ጨጓራው በቲማቲምና በናና ይሠራል፤ በወጉ የቅዳሜ ምግብ ነው። የአሳማ ስብ የሚጨምሩ ስላሉ እዚህም መጠየቅ አይከፋም።

ቡና ቆማችሁ ጠጡ፤ ከተቀመጣችሁ ሂሳቡ ይንራል። የኮሎሲየምን ትኬት ቀድመሽ በኢንተርኔት ግዢ፤ ስም ስለሚጻፍበት ፓስፖርት ያዙ። ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ሸፍኑ ይላሉ። እሳቸው ነጠላ አላቸው፣ ለራስሽ አስቢ።

ሌላ መልስ፦ ወንድሜ የምግቡን ጨርሶታል፤ እኔ የእግር መንገዱን ልጨምር። ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። በፈረንጆቹ 1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር ለደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች የወጣ ስም ነው። መታሰቢያቸው እዚያው ቅርብ ቆሟል፤ ሐውልቱ ከግብፅ የመጣ ነው። በየቀኑ ስንቱ ሐበሻ ሻንጣ እየጎተተ በዚያ ያልፋል፣ ዞር ብሎ የሚያየው ግን የለም።

ከዚያ ሜትሮ ይዛችሁ ቺርኮ ማሲሞ ውረዱ። ከጣቢያው ስትወጡ የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ሕንፃ ይታያችኋል። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተወስዶ የተተከለው እዚያ ፊት ለፊት ነበር። በ2005 በሦስት ተቆርጦ በአውሮፕላን ተመለሰ። እናትሽ ያን ጊዜ በቴሌቪዥን አይተውት ይሆናል፤ ቦታውን አሳዪያቸው።

እንጀራ ከናፈቃችሁ ቴርሚኒ ዙሪያ አይጠፋም። ለመጨረሻው ማታ አቆዩት።