«ዘመኑ ያዘዘውን ሠራ»? በአንቱን ቭርዶልያክ ላይ የተነሳ ክርክር

ጥቁር መነጽር፦ ትናንት እዚህ አንድ ሰው ስለ ክሮኤሺያው ፊልም ዳይሬክተር አንቱን ቭርዶልያክ ሲጽፍ «ዘመኑ ያዘዘውን የሠራ ታላቅ ባለሙያ» አለ። አናደደኝ። ሰውየው ዩጎዝላቪያን በመራው በቲቶ ጊዜ ስለ ፓርቲዛኖቹ (በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚን ስለተዋጉት ሸማቂዎች) ፊልም ሠራ። የነፃዋ ክሮኤሺያ ፕሬዚዳንት ቱጅማን ሲመጣ ከጎኑ ተሰለፈ። ከ1991 እስከ 1995 (በፈረንጅ ነው) የመንግሥት ቴሌቪዥኑ ዋና ዳይሬክተር ሆነ። በዚያ ላይ የኦሎምፒክ ኮሚቴው ፕሬዚዳንት። በ2019፣ በ88 ዓመቱ፣ በጦር ወንጀል ተከሶ ስለነበረው የክሮኤሺያ ጄኔራል ጎቶቪና ፊልም ይዞ ብቅ አለ። ይሄ ዘመን የሚባለው ሰውዬ አንድን ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚያዘው?

የካዛንቺሱ፦ «አንድ ሰው» እኔ ነኝ። ስሜን ጥራ፣ አልነክስህም። ፊልሞቹን አይተሃል ወይስ የሥራ መደቡን ብቻ ነው ያነበብከው? በ1969 «ደወሎቹን ስትሰማ»ን ሠራ። የሰርብ፣ የክሮአትና የሙስሊም መንደሮች እርስ በርስ አይተማመኑም። ኮሚሳሩ (የፓርቲዛኖቹ የፖለቲካ ሹም) መሃላቸው ገብቶ ግራ ይገባዋል። ሁሉም «ወንድማማችነትና አንድነት» የሚለውን የቲቶ መፈክር እያለ በሚዘምርበት ሰዓት ነው ይሄን ያሳየው።

ወለላ፦ የኮሚሳሩ ነገር የተወሰደው ከእውነተኛው የፓርቲዛን አዛዥ ከኢቫን ሺብል የጦር ማስታወሻ ነው። ድፍረቱን ለሺብልም አካፍልለት እንጂ 😄

የካዛንቺሱ፦ አካፍያለሁ። ግን ፊልሙን ሺብል አልቀረጸውም።

ጥቁር መነጽር፦ የ1969ኙን ማን ነካው? እኔ የጠየቅኩት ስለ «ያዘዘው» ነው። ቴሌቪዥኑን «የክሮኤሺያ መንፈስ ካቴድራል» ያለውም ዘመኑ ነው? ከዚያ ቤት ያ ሁሉ ጋዜጠኛና ሠራተኛ ሲባረር ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ማን ነበር? ዘመን እስክሪብቶ ይዞ ደብዳቤ አይፈርምም።

አሮጌው ተመልካች፦ ልጆች፣ ረጋ በሉ። ያኔ ክሮኤሺያ ከዩጎዝላቪያ ስትለይ ጦርነት ነበር። ከተሞቿ ቩኮቫር እየፈረሰ፣ ዱብሮቭኒክ እየተደበደበ ነው። በዚያ ሰዓት ገለልተኛ ቴሌቪዥን ከየት ይምጣ?

ሰላም ከበርሊን፦ ጋሼ፣ ከአክብሮት ጋር፣ ይሄንን «ጦርነት ነበር» እርስዎም እኔም ሌላ ቦታ ሰምተነዋል። ጦርነቱ ለሁሉም ነበር። ሁሉም ግን የቴሌቪዥን አለቃ አልሆነም። «ኪክሎፕ» የሚለውን ፊልሙን በ1982 ሲሠራ ተዋናዮቹን ራዴ ሸርቤጂያንና ሚራ ፉርላንን አሰልፏል። አሥር ዓመት ሳይሞላ ሚራ በጋዜጣ ስሟ እየተጠራ ተሰድባ አገር ለቀቀች። ወንጀሏ በሰርቦቹ ዋና ከተማ በቤልግሬድ መድረክ ላይ መተወኗ ነው። የትናንት ዳይሬክተሯ በዚያን ሰዓት የአገሪቱ ትልቁ ማይክሮፎን በእጁ ነበር።

የካዛንቺሱ፦ ቆይ ቆይ። ሚራን ያሰናበታት የዛግሬብ ብሔራዊ ቴአትር ነው፣ ቴሌቪዥኑ አይደለም። የሰደቧት ጋዜጦች ናቸው። ሁሉንም በአንድ ሰው ጀርባ መጫን ጥሩ አይደለም።

ሰላም ከበርሊን፦ እሱ አባረራት አላልኩም። ማይክሮፎኑ በእጁ ነበር ነው ያልኩት። ድጋሚ አንብበው።

የካዛንቺሱ፦ አነበብኩት። ለመጠርጠር በር ከፍተሽ ስታበቂ «አላልኩም» ትያለሽ።

ወለላ፦ የሚገርመው እሱ ራሱ ታግዶ ማወቁ ነው። «ለማኞችና ልጆች» የሚለው ተከታታይ ድራማው በዩጎዝላቪያ ጊዜ ለዓመታት ከስርጭት ታግዷል። ከኢቫን ራኦስ ልብ ወለድ የተሠራው። እገዳ ምን እንደሚመስል ያውቃል ማለት ነው።

ጥቁር መነጽር፦ ይሄ እኮ ያብስበታል!

አሮጌው ተመልካች፦ ወይም የታገደ ሰው ለምን ከቱጅማን ጋር እንደቆመ ያስረዳል። አንተ ሁልጊዜ የምትወደውን ግማሽ ብቻ ነው የምታነሳው።

ቦሌ ሲኒማ፦ አንድ ሰው ስለ ፊልም ያውራ እባካችሁ። በ2004 «ረጅሙ ጨለማ ሌሊት» የሚለው ፊልሙ ፑላ ላይ፣ በክሮኤሺያው የፊልም ፌስቲቫል፣ ዋናውን ሽልማት ወርቃማውን አሬና ወስዷል። ዋናው ተዋናይ ጎራን ቪሽኒች ነው፣ የአሜሪካው ተከታታይ «ኢ.አር.» ላይ ዶክተር ኮቫች የነበረው። ጎቶቪናን የተጫወተውም እሱ ነው። «ጄኔራሉ» ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ ደካማ ነው። የፑላን ፌስቲቫል ከፈተ፣ ሃያሲዎቹም ቀደዱት። ሐውልት እንጂ ሰው የለበትም።

የካዛንቺሱ፦ በዚህ እስማማለሁ። ደካማ ነው።

ጥቁር መነጽር፦ ታዲያ እሱንም ዘመኑ አዞት ነው? 2019 እኮ ነው! ጦርነት የለም፣ ክሮኤሺያ የአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ናት። ማን አዘዘው?

አሮጌው ተመልካች፦ ጎቶቪና በ2012 በይግባኝ ነፃ ወጥቷል። ነፃ ስለወጣ ሰው ፊልም መሥራት ነውር ነው?

ሰላም ከበርሊን፦ በመጀመሪያው ፍርድ 24 ዓመት ተፈርዶበት፣ በይግባኝ ሦስት ለሁለት ነፃ ወጣ። አልክድም። ግን በ1995 ከክራይና (ሰርቦች ይኖሩበት ከነበረው የክሮኤሺያ ክፍል) ከመቶ ሺህ በላይ ሰርብ ሲሰደድ ፊልሙ ካሜራውን የት ነው ያዞረው? የገንዘቡ ጉዳይም አለ። የመንግሥት ገንዘብ ገብቶበታል።

ቦሌ ሲኒማ፦ የመንግሥት ገንዘብ ያልገባበት የክሮኤሺያ ፊልም ንገሪኝ። አውሮፓ ነው፣ ሁሉም በድጎማ ነው የሚሠራው።

ወለላ፦ ኦሎምፒኩን ማንም አላነሳውም። ደራርቱ ወርቅ ያመጣችበት ባርሴሎና 1992 የክሮኤሺያ የመጀመሪያው የበጋ ኦሎምፒክ ነው። በቅርጫት ኳስ ከአሜሪካው ድሪም ቲም ጋር ለፍጻሜ ደርሰው ብር ወሰዱ። የኦሎምፒክ ኮሚቴው ፕሬዚዳንት ቭርዶልያክ ነበር። አንድ ጥሩ ነገር እንጻፍለት።

ጥቁር መነጽር፦ ኳሱን ቶኒ ኩኮች ነው ያስገባው።

የካዛንቺሱ፦ አየህ! መጥፎውን ሁሉ እሱ ሠራው፣ ጥሩውን ሁሉ ሌላ ሰው። ይሄ ክርክር ስለ ቭርዶልያክ አይደለም። አንተ ክሮኤሺያን እያነሳህ የምትተኩሰው እዚህ ሰፈር ነው።

ጥቁር መነጽር፦ እዚህ ማን አለና ነው የደነገጥከው? 🙂

የካዛንቺሱ፦ አልደነገጥኩም። ደግሞ ጥያቄዬን አልመለስክም። «ደወሎቹን ስትሰማ»ን አይተኸዋል ወይስ አላየኸውም?

ጥቁር መነጽር፦ ግማሹን።

ቦሌ ሲኒማ፦ 😂😂 ጋሼ፣ ሰሙ?

አሮጌው ተመልካች፦ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ሙሉውን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፣ አሁንም ከካዛንቺሱ ጋር ነኝ።

ሰላም ከበርሊን፦ ሙሉውን ያየሁት እኔም ነኝ ጋሼ፣ እና አልስማማም።